በማር የተቆጠረ ዘር

ባለፈው ነሐሴ ለሥራ ከደብረ ታቦር ወደ ክምር ድንጋይ በሚኒባስ ስሄድ አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ ተሳፍረው ከጎኔ ተቀመጡ። ከበግ ጠጉር የተሠራ ጥቁር ባና ደርበዋል፤ ባናው ዝናብ ጠግቧል። ከኋላ የተቀመጠ ወጣት መስኮቱን እንድከፍት ጠየቀኝ። ብርዱን አሳብቤ አልከፈትኩም። እርጥብ ባና ለሌላው ሰው በግና ጭስ ነው የሚሸተው። ለእኔ ባቄላም ይሸተኛል፤ ምክንያቱን ከእኔ ሌላ የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ነገሩ የአንድ ክረምት ነገር ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ትሁኔና እኔ አሥራ ሁለት ዓመታችን ነው፤ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ተፈትነን ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ቤታችን ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ገብስና ድንች እንጂ ጤፍ ከማይበቅልበት ቀዝቃዛ አገር ነው። አራት ነበርን፤ አያቴ፣ እናቴ፣ ትሁኔና እኔ። አባቴ ዘምቶ አልተመለሰም። አያቴን እኛ አባባ እንላቸዋለን፤ አገሩ መሪጌታ ይላቸዋል። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ከያዛቸው ወዲህ ማኅሌት መቆም ትተው ከእሳቱ ዳር ይውሉ ነበር።

ትሁኔ እህቴ ናት፤ ከእናቴ ግን አልተወለደችም። እናቴ እንደነገረችኝ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ አባቴ የእርዳታ እህል ሊጭን በቅሎውን ይዞ እብናት ወርዶ ነበር። እዚያ እናቷ የሞተችባት፣ ገና መራመድ የጀመረች ልጅ አገኘ። የማን ናት ብሎ ቢጠይቅ የሚያውቃት ጠፋ። በጋቢው ጠቅልሎ አመጣት። ይህን የደበቀን ሰው አልነበረም፤ እሷም ታውቃለች፣ አገሩም ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ የበላነው ከአንድ ገበታ ነው። የተኛነው በአንድ ቁርበት ላይ፣ የተገረፍነውም በአንድ አለንጋ ነው። ትምህርት ቤትም አንድ ወንበር ላይ ነበርን። ውጤቱ ሲነገር ግን ትሁኔ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጣች፤ እኔ ከመሃል ተገኘሁ።

አባባን ይህ አላስጨነቃቸውም። ትሁኔ ሸምዳጅ ናት፣ የውዴ ግን ገና ነው አሉ። ውዴ እኔ ነኝ። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውን ተረት ሳይናገሩ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም። አባታቸው ድጓ አስተማሪ ነበሩ፤ የአባታቸው አባት ደግሞ ለቅኔያቸው ሰው ከሩቅ አገር ይመጣ ነበር። ይህ ሁሉ በደሜ ውስጥ ተቀምጦ ጊዜውን ይጠብቃል። ግንባሬን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ፣ «ይዘገይ እንደሆነ እንጂ አይቀርም» ይሉኝ ነበር። እኔም እውቀት እንደ መንጋጋ ጥርስ አንድ ቀን ድንገት የሚበቅል መስሎኝ፣ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው የሰባትን ብዜት በልቤ መሞከር ነበር። ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ስደርስ እቆማለሁ። እንግዲያው ገና አልመጣም ማለት ነው፤ እነሳና በጎቹን አወጣለሁ።

እናቴ ከአባባ ጋር ፊት ለፊት አትከራከርም። የምትለው ሲኖራት በእጇ ላለው ነገር ነው የምትነግረው። አንድ ቀን ድንች እየላጠች፣ የጉና ዘር እብናት ወርዶ ቢተከል ጠጠር እንደሚያህል፣ ዘሩ ግን ያው እንደሆነ ለድንቹ ነገረችው። አባባ ደግሞ የእብናት ማሽላ መሬቱ ምንም ቢለማለት ገብስ ሆኖ እንደማያውቅ ለእሳቱ ነገሩት። ሁለቱም የረቱ መሰላቸው።

ሐምሌ እኩሌታ ላይ አያ መኳንንት መጡ። የአባባ ዘመድ ናቸው፤ ከወንዙ ማዶ ሰፊ መሬት ያርሳሉ። ለልጃቸው ትሁኔን ፈለጉ። አሥራ ሁለት ዓመት በዚያን ጊዜ ለአገራችን ሰው የሚያስደነግጥ ዕድሜ አልነበረም፤ ጥር ላይ ትዳራለች፣ እስክትጠና አማቷ ጋ ታድጋለች ነው ነገሩ። አያ መኳንንት ስለ ትሁኔ ሲናገሩ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። ዘሯ ባይታወቅም የመሪጌታ እጅ ያሳደጋት ልጅ ናት፤ ሰውን ሰው የሚያደርገው አሳዳጊው ነው አሉ። እናቴ ለምን ውዴን አልጠየቁም አለች፤ ለማገዶው ነው የነገረችው፣ ግን ሰሙ። «እሷማ ደማችን ናት» አሉ። በእኛ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። የእኔ የዘር ሐረግና የልጃቸው ከሰባት በታች ይገናኛል። ትሁኔ ግን ከማንም ጋር አትገናኝም፤ ስለዚህ ለማንም ትሆናለች።

አባባ እሺም እንቢም አላሉም። «ፍልሰታ ይውጣና ኑ» ብለው ሸኟቸው። ይህ በአገራችን ከእሺ ብዙ አይርቅም። ለትሁኔ ክፉ አስበው አልነበረም። ሰባተኛ ክፍል ያለው ደብረ ታቦር ነው፤ ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ ተሸክሞ መማር ለዘር ልጅ ነው፤ አሳድገው ለወግ ያበቋት ልጅ ደግሞ ጎጆ ያስፈልጋታል። በእሳቸው ሚዛን ሁለታችንንም በእኩል ዓይን አይተውናል።

ዝናቡ ሲብስ አባባ ደሜን ሊቀሰቅሱት ወሰኑ። ባሕረ ሐሳብ ሊያስተምሩኝ ነው፤ የትኛው ጾምና በዓል መቼ እንደሚውል የሚታወቅበት የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቁጥር ነው። እሳቸው የሚቆጥሩት በጣታቸው አንጓ ነው፤ አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች ላይ እንደ ጉንዳን ሲሮጥ ይውላል። ለእኔ ግን ባቄላ አመጡ። ለእያንዳንዱ ዓመት በቀኝ አሥራ አንድ፣ በግራ አሥራ ዘጠኝ ባቄላ አስቀምጣለሁ። የአንዱ ክምር ሠላሳ በሞላ ቁጥር ሠላሳው ይነሳል። በቀኝ የቀረው አበቅቴ፣ በግራ የቀረው መጥቅዕ ይባላል። ትሁኔን ተማሪ ብለው አልጠሯትም። የሚነሳውን ባቄላ እየለቀመች ወደ ቁናው እንድትመልስ አዘዟት።

እኔ ስቆጥር እሳቱ ይጤሳል፣ በግ ያስላል፣ ቁጥሩ ይጠፋብኛል። አባባ አይቆጡም፤ እንደገና ያስጀምሩኛል። አንድ ከሰዓት በኋላ በስንተኛው ሙከራ እንደሆነ አላውቅም፣ የቀኙን ክምር ጨርሼ የግራውን ስጀምር ትሁኔ ገና ሳልቆጥር ባቄላውን ከፊቴ መልቀም ጀመረች። አባባ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱና እንዳታቋርጠኝ ነገሯት።

«ምን ይቆጠራል?» አለች ትሁኔ። «ያኛው ሦስት ከሆነ ይኼኛው ሃያ ሰባት ነው።»

አባባ ራሳቸው ተጎንብሰው የግራውን ቆጠሩት። ሃያ ሰባት ነበር። ሌላ ዓመት ሰጧት፤ በቀኝ ሃያ አምስት ቀረ። በግራ አምስት ይቀራል አለች፤ ባቄላውን ሳትነካ። እሳቸው ቆጠሩ፤ አምስት ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሁልጊዜ ሠላሳ ይሞላሉ። ይህ ሊቃውንቱ የሚያውቁት ሕግ ነው፤ አባባ ግን ለእኔ ገና አላስተማሩኝም፣ በቤታችንም ስሙ ተነስቶ አያውቅም።

«ማን ነገረሽ?»

«ባቄላው» አለች።

አባባ ባናቸውን ደርበው ወጡ። ዝናቡ እየወረደ ነው። በበሩ ቀዳዳ ሳያቸው ከግቢው መሃል ቆመዋል፤ ጣራ ሥር እንኳ አልተጠጉም። የተቆጡ መሰለኝና ትሁኔን ምን አደረግሽ አልኳት። እሷ ባቄላውን ወደ ቁናው እየመለሰች ነበር። ሲመለሱ ባናቸው ውሃ ያንጠባጥባል። ከእሳቱ ዳር፣ ከባቄላው አጠገብ ተቀመጡ፤ ቤቱ በሙሉ እርጥብ ጠጉር ሸተተ። ማታ እራት አልበሉም።

ነገሩ ከቤታችን አልቀረም። ጎረቤታችን እትየ ብዙዬ እሳት ልትጭር መጥታ ሰማች፤ ከእሷ አገሩ ሰማ። እትየ ብዙዬ ብዙ አላሰበችበትም። መሪጌታ ለልጅቱ አብሾ አጠጥተዋታል አለች። አብሾ የቆሎ ተማሪዎች አእምሮ ይከፍታል ብለው ይጠጡታል የሚባል መድኃኒት ነው። ለእኔ ይህ ታላቅ ዜና ነበር። ለካ ነገሩ በዘርም በማሳደግም አይደለም፤ የሚጠጣ ነገር ነው፤ እኔ ብቻ ተረስቻለሁ። ቤቱን ፈተሽኩና ከጓዳው ጥግ አፉ የተወተፈ ቅል አገኘሁ። መራራነቱ አፍ ያደነዝዛል። መድኃኒትነቱን በዚህ አረጋግጬ ጨለጥኩት።

እናቴ ለራሷ ያዘጋጀችው ኮሶ ነበር። ያን ቀን ሙሉ ከደጅ አልገባሁም። እናቴ ግማሽ ስትስቅ ግማሽ ስትፈራ ዋለች። ትሁኔ ደግሞ ውሃ እያቀበለችኝ፣ «እንኳን ጠጣሽው፤ አሁን ሆድሽ ባዶ ነው፣ ለቁጥሩ ቦታ አለ» አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ሞከርኩት፤ ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ቆምኩ።

ፍልሰታ ገባ። ሁለታችን ድንች ስንቆፍር እንውላለን፤ ጭቃው ጣት ያደነዝዛል። ትሁኔ ብዙ የምትስቅ ልጅ ነበረች፤ በዚያን ሰሞን ግን ቀነሰች። ከተቆፈረው ድንች ትናንሾቹን ለብቻ ትደረድራለች። ምን እንደምታደርግ ስጠይቃት እስከ ጥር ያሉትን እሑዶች ነው አለችኝ። ቁጥሩን እንዳትነግረኝ ጠየቅኋት።

«ውዴ፣ የእኔ ዘር ምን ይሆን?»

«እብናት» አልኳት።

«እብናት አገር ነው እንጂ ዘር አይደለም፣ አንቺ ደንቆሮ።» ጭቃ ወረወረችብኝ፤ እኔም ወረወርኩባት። ከዚያ ተቀምጣ፣ እናቷ ቁጥር ትችል እንደነበር የምታውቅበት መንገድ ቢኖር እንደምትወድ ነገረችኝ።

በእነዚያ ቀናት አባባም ተለውጠዋል። ተረታቸውን አቆሙ። እሳቱን እያዩ አውራ ጣታቸውን በጣቶቻቸው አንጓ ላይ ያስኬዳሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ እያሉ ይሄዱና ይቆማሉ፤ እንደገና ይጀምራሉ። የመጪውን ዓመት ጾም የሚያሰሉ መስሎኝ ነበር። ግን ቁጥሩ ከጣት አንጓዎቹ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚነካው፤ ከሰባት አያልፍም። ይህን አየሁ፤ ትርጉሙን ግን አላገኘሁትም። እናቴን ምን እየቆጠሩ ነው ብላት ለምጣዱ ክዳን፣ ሽማግሌ ይቆጥራል አለች።

ፍልሰታ በወጣ በመጀመሪያው እሑድ አያ መኳንንት ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። እንደ ወጉ በር ላይ ቆሙ፤ ለልጅ ጥያቄ የመጣ ሽማግሌ ነገሩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። እናቴ ጠላ ቀድታ ይዛ ቆመች። ትሁኔና እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ነበርን፤ ትሁኔ ቀሚሴን ይዛለች።

አባባ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ በቀስታ፣ ውዴን ለምን እንዳልጠየቁ እንደገና እንዲነግሯቸው ለመኑ። አያ መኳንንት ትንሽ ግር አላቸው። ዘመድ ናታ አሉ። ስንት ቤት ላይ ብለው ጠየቁ አባባ። አያ መኳንንት በጣታቸው አባት፣ አያት እያሉ ወጥተው አምስት ላይ ደረሱ። «አምስት ቤት» አሉ።

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁና እናቴን ማር እንድታመጣ አዘዟት። እናቴ ጠላውን አስቀምጣ እንዴት እንደፈጠነች አስታውሳለሁ፤ የሚመጣውን ቀድማ ያወቀች እሷ ብቻ ነበረች። አባባ አውራ ጣታቸውን ታጥበው ማሩ ውስጥ ነከሩ።

«ትሁኔ፣ ነይ» አሉ።

ቀሚሴን ለቀቀችና ወጣች። ከፊታቸው ተንበረከከች። ጣታቸውን አጎረሷት፤ እሷም ጠባች። በእኛ አገር ያልወለዱትን ልጅ የራስ ማድረጊያው ይህ ነው፤ በምስክር ፊት ማር የተነከረ ጣት የጠባች ልጅ የጡት ልጅ ትባላለች፤ ከተወለደች አትለይም።

«ከዛሬ ወዲያ ልጄ ናት» አሉ አባባ። «ብሞት ትቀብረኛለች፤ ካለኝ ትወርሳለች። እናንተ ሦስታችሁ ምስክር ናችሁ።» ከዚያ ወደ አያ መኳንንት ዞሩ። «አሁን ቁጠር።»

አያ መኳንንት እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ። ጣታቸው አራት ላይ ቆመ። ከእኔም በአንድ ቤት ቀረበች፤ እኔ የልጅ ልጅ ነኝ፣ እሷ ልጅ ናት። ረጅም ጊዜ እጃቸውን አዩ። ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

«መሪጌታ፣ ልጅ ልንጠይቅ መጥተን ምስክር ሆነን እንመለስ?» አሉ አያ መኳንንት። «ዘር ዘር ሲሉ ኖረው በማር ዘጉብን?»

«አሁንም ዘር ነው የምለው» አሉ አባባ። «ዘሬ ናት።»

ሦስቱም ተቀመጡ። ነገሩ ስላለቀ መቀመጥ ይቻል ነበር። እናቴ ጠላውን አደለች፤ አያ መኳንንት ሁለት ጊዜ አስቀዱ። ሲወጡ የትሁኔን ራስ ዳሰው፣ ለዘመድ የሚገባውን ምርቃት መረቋት። ቂም አልያዙም፤ ልጃቸውንም በዚያው ጥር ከሌላ ቤት ዳሩት።

እኔ ግን ነገሩን በራሴ መንገድ ተረድቼው ነበር። የአባባ እውቀት በአውራ ጣታቸው በኩል ወደ ትሁኔ ሲገባ በዓይኔ አየሁ። እንግዶቹ እንደወጡ ሄጄ ከፊታቸው ተንበረከክሁና እኔም ልጥባ አልኩ።

«አንቺማ ደሜ አለሽ» አሉኝ።

«ደሙ አልሠራም» አልኩ።

እናቴ ማንንም ሳታይ መጥረጊያ አነሳች። ትሁኔ መሬት መሬቱን አየች። አባባ ግንባሬን ሊዳብሱ እጃቸውን አነሱና ተዉት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን እንደገና ከማሩ ነክረው አጎረሱኝ። ማሩ የጨውና የባቄላ ጣዕም ነበረው። ከዚያ ቀን በኋላ ይዘገያል እንጂ አይቀርም ብለውኝ አያውቁም፤ ስሳሳት ስህተቴን ያሳዩኛል፣ ስመልስ ጎሽ ይሉኛል። በማግስቱ ጠዋት ሰባት ጊዜ ስምንትን ስሞክር እዚያው ቆምኩ። ያን ዕለት ትሁኔን ጠየቅኋት፤ በድንች ደርድራ አሳየችኝ። ድጋሚ አልጠፋኝም።

ማሩ ሌላም ነገር አመጣ። ትሁኔ የአባባ ልጅ ከሆነች የአባቴ እህት ናት፤ የአባቴ እህት ደግሞ አክስቴ ናት። ይህን ያሰላችው ራሷ ትሁኔ ናት፤ በሁለተኛው ቀን «እትየ» ብዬ እንድጠራት ጠየቀች። «እትየ አለችኝ» ብላ ለአገሩ ብታወራም እኔ አላልኳትም።

መስከረም ሲጠባ ደብረ ታቦር ልንገባ ተነሳን። አህያዋ ላይ በሶ፣ ቆሎና አንድ ጆንያ ድንች ተጫነ። እናቴ ልታደርሰን ነው። አባባ በዱላቸው እየተመረኮዙ እስከ ቁልቁለቱ አፍ ሸኙን፤ ከዚያ በታች ጉልበታቸው አያስኬዳቸውም። እትየ ብዙዬ ከውሃ ስትመለስ አገኘችንና እንስራዋን እንዳዘለች ቆመች። ስለ አብሾው አንድም ነገር አላነሳችም። ትሁኔን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«እኔኮ ድሮም ብያለሁ» አለች። «ይኼ ግንባር ቁርጥ የመሪጌታ ነው።»

አባባ ወደ ትሁኔ ዞሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት ይመስል ግንባሯን አዩት፤ ከዚያ እኔን ይዳብሱኝ እንደነበረው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ከስንት ሳምንት በኋላ ተረታቸው ተመለሰላቸው።

«ምን ታደርጊዋለሽ» አሉ ለእትየ ብዙዬ። «ዘር ከልጓም ይስባል።»

እኔ ነገሩን ላስተካክል አፌን ከፈትኩ። ትሁኔ ረገጠችኝ። እናቴ ጭነቱን እያጠበቀች ወደ አህያዋ ጆሮ ጠጋ አለችና፣ «አንቺ እንኳ ሰምተሻል» አለቻት።